ፊልም በየትኛው በር ይገባል? የእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልምድና የአማርኛ ክፍላችን

የአማርኛ ሥርዓተ ትምህርት ለክለሳ በቀረበ ቁጥር ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ ‹‹ፊልምስ ለምን አይገባም?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የሚሰጠውም መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መሣሪያ የለም፣ ክፍለ ጊዜ የለም፣ የሠለጠነ መምህር የለም፤ ደግሞስ አንድ አንቀጽ በቅጡ አንብቦ ለማይረዳ ተማሪ ፊልም ምን ይጨምርለታል? እዚህ ላይ ውይይቱ ይቆምና ወደ ሰዋስው ምዕራፎች ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ጥያቄውም መልሱም ረጅም ታሪክ ያላቸው መሆኑን፣ ከታሪኩም የምንረዳው ዋናው ነገር ‹‹ፊልም ይግባ ወይስ አይግባ›› የሚለው ሳይሆን፣ ሲገባ በየትኛው በር እንደገባና ለየትኛው ተማሪ እንደተሰጠ መሆኑን ነው።

ለዚህ የመረጥሁት የእንግሊዝን አገር ታሪክ ነው። ምክንያቴም እዚያ ፊልምን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስገባት የደከሙት በአብዛኛው የሲኒማ ባለሙያዎች ሳይሆኑ እንደ እኛው ያሉ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን መሆናቸው ነው። ዓመታቱ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለባቸው በቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ዛሬ ፊልምን በር ላይ አቁሞ የሚጠይቀው ሥነ ጽሑፍ ራሱ ከጥቂት ትውልድ በፊት በር ላይ የቆመ ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ የሆነው በ1894 ሲሆን፣ የላቲንና የግሪክ ሊቃውንት ‹‹በትርፍ ጊዜ የሚነበብ ልብ ወለድ እንዴት ይፈተናል?›› በሚል መንፈስ ተቃውመውት ነበር። ወደ ቤታችንም ስንመለስ ነገሩ ያው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ የራሱ ቤት፣ የራሱ መምህርና የራሱ መመዘኛ ሲኖረው፣ በየምድጃው ዙሪያ የሚነገረው ተረት ግን የትምህርት ማዕረግ አልነበረውም። ትምህርት ቤት አንድን ነገር ‹‹ትምህርት›› የሚለው ነገሩ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ የሚመዘንበትን ዘዴ ሲያገኝለት ነው። ይህ ሐሳብ ከታች ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል።

በእንግሊዝ አገር የፊልም ትምህርት ጉዳይ በይፋ የተነሣው ‹‹ፊልም በብሔራዊ ሕይወት ውስጥ›› የተሰኘው ሪፖርት በ1932 ሲወጣ ነው። በሪፖርቱ ምክር መሠረት የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ1933 ተመሠረተ። ተቋሙ ገና ከጅምሩ ሁለት ልጆች በአንድ ጀርባ እንዳዘለች እናት ነበር። አንደኛው ፊልምን የማስተማሪያ መሣሪያ ማድረግ ነው፤ የአበባ አፈካክን፣ የወንዝ አፈሳሰስን፣ የፋብሪካ አሠራርን በሥዕል ማሳየት። ሁለተኛው ፊልምን ራሱን ማጥናት ነው። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ቃል ‹‹የፊልም ትምህርት›› ስለሚባሉ እስከ ዛሬ ይምታታሉ። አንደኛው ሥዕሉን እንደ መስኮት ያያል፤ መስኮቱ ከተጠራ ከውጭ ያለው ይታያል ይላል። ሁለተኛው ግን መስኮቱን ማን፣ የት፣ በምን ስፋት እንዳበጀው ይጠይቃል።

በዚያው በ1933 ኤፍ. አር. ሊቪስና ዴኒስ ቶምሰን ‹‹ባህልና አካባቢ›› የተሰኘውን የመምህራንና የተማሪዎች መጽሐፍ አወጡ። ሊቪስ በሥነ ጽሑፍ ሒስ ያለው ቦታ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚነገር አይደለም። መጽሐፉ መምህራን ማስታወቂያን፣ ጋዜጣንና ተራ ልብ ወለድን ክፍል ውስጥ አምጥተው እንዲመረምሩ ይመክራል፤ ሲኒማም በሊቪስ ዘንድ ከዚሁ ወገን ይመደብ ነበር። የምርመራው ዓላማ ግን ነገሩን ለመውደድ ሳይሆን ለመጠየፍ ነው። ተማሪው የተራውን ነገር ተራነት ለይቶ ሲያውቅ ወደ ታላላቆቹ ደራስያን ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። በኋላ የተነሡ አጥኚዎች ይህን አካሄድ ከክትባት ጋር ያመሳስሉታል፤ በሽታውን ለመከላከል ከበሽታው ጥቂት መስጠት። ፊልም ወደ ክፍል የገባበት የመጀመሪያው በር እንግዲህ የክትባት በር ነው። ይሁን እንጂ የሊቪስ ወገኖች ሳያስቡት ትልቅ ነገር አስተማሩ። አንድን ማስታወቂያ እንደ ግጥም ቃል በቃል ማንበብ እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ፣ ፊልምንም እንዲሁ ማንበብ አይቻልም ማለት ከባድ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በመምህራኑ እጅ ገባ። ስለ ሕፃናትና ሲኒማ የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚቴ፣ በሰብሳቢው ስም የዊር ሪፖርት የሚባለውን ጥናት በ1950 አወጣ። በዚያው ዓመት የፊልም መምህራን ማኅበር ተመሠረተ። በ1959 የቴሌቪዥንን መስፋፋት ተከትሎ ስሙን የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ማኅበር ብሎ ለወጠ። ያወጣው የነበረው የመምህራን መጽሔትም በ1969 ‹‹ስክሪን›› ተብሎ ዝናው ከአገር ወጣ።

የዚያን ዘመን የፊልም ክፍለ ጊዜ በዓይነ ኅሊና ማየት ጠቃሚ ነው። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል ሆኖ በኪራይ በፖስታ ይመጣል። መምህሩ ማጫወቻውን ይሸከማል፣ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ይሸፍናል፣ ፊልሙን ይጠመጥማል። ጥቅሉ ሲያልቅ መብራት በርቶ ሌላው ይገጠማል። ሙሉ ፊልም በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማያልቅ የፊልም ተቋሙ ከታዋቂ ፊልሞች የተቆረጡ አጫጭር ቁራጮችን ያከራይ ጀመር። ይህ ከችግር የመጣ መላ ለትምህርቱ ጠቀመው። አምስት ደቂቃ የምትሆን ቁራጭ ከአንቀጽ ጋር ትመሳሰላለች፤ ትደገማለች፣ ትመረመራለች፣ ‹‹ካሜራው ለምን እዚህ ቆመ?›› ተብሎ ትጠየቃለች። እኛ ከረጅም ልብ ወለድ ላይ አንድ ገጽ ቀንጭበን ‹‹ምንባብ›› እንደምንለው ማለት ነው። ጉዳቱም ተመሳሳይ ነው፤ ምንባቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ መጽሐፉን ግን ያላነበበ ተማሪ እናፈራለን። የእነርሱም ተማሪ ቁራጩን አውቆ ፊልሙን ሳያይ ይመረቅ ነበር።

ወደ ዋናው ነጥቤ የሚያደርሰኝ በ1963 የወጣው የኒውሶም ሪፖርት ነው። ይህ ሰነድ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 የሆኑ፣ ችሎታቸው መካከለኛና ከመካከለኛ በታች ነው ስለሚባሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ርእሱ ‹‹የወደፊታችን ግማሽ›› የሚል ነው። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ የእንግሊዝ ልጆች በአብዛኛው በ11 ዓመታቸው ተፈትነው ይለያዩ ነበር። ያለፉት ግራመር ወደሚባለው ትምህርት ቤት ገብተው ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጃሉ፤ የሚበዙት ደግሞ ሴከንደሪ ሞደርን ወደሚባለው ይሄዳሉ። ሪፖርቱ የሚናገረው በአመዛኙ ስለ እነዚህኞቹ ነው።

ሪፖርቱ ስለ ፊልም የሚለው በዘመኑ ከተጻፉት ሁሉ ደፋር ነው ብዬ አምናለሁ። ፊልምንና ቴሌቪዥንን ለሌላ ትምህርት ማብራሪያ አድርጎ መጠቀም አይበቃም፤ በባህላችን ውስጥ ብርቱ ኃይል፣ የቋንቋና የሐሳብ ምንጭ ስለሆኑ ራሳቸውን ችለው እንደ ሥነ ጽሑፍና እንደ ሙዚቃ ሊጠኑ ይገባል ይላል። ከ30 ዓመት በፊት የተምታቱት ሁለቱ ሐሳቦች እዚህ ላይ ተለዩ። ነገር ግን ይህ መልካም ቃል የተነገረው ‹‹ዝቅ ያለ ችሎታ አላቸው›› ስለተባሉት ልጆች በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ነው። ግራመር ያለው ልጅ ሼክስፒርን ያነባል፤ ሴከንደሪ ሞደርን ያለው ልጅ ፊልም ያያል። ሪፖርቱ እንዲህ አላለም፤ በየትምህርት ቤቱ የተተረጎመው ግን አዘውትሮ እንዲህ ነበር። ከ1965 ጀምሮ ሲ.ኤስ.ኢ. የተባለው ፈተና ሲመጣ መምህሩ ራሱ ሥርዓተ ትምህርቱን ቀርጾ፣ ራሱ ፈትኖ፣ የፈተና ቦርድ የሚያመዛዝንበት አሠራር ተፈቀደ፤ ብዙ የፊልም ትምህርቶች የበቀሉትም በዚህ ነጻነት ነው። ሲ.ኤስ.ኢ. ደግሞ ከፍተኛውን ፈተና አይወስዱም ለተባሉት ልጆች የተዘጋጀ ነበር። ፊልም ወደ ትምህርት ቤት የገባበት ሁለተኛው በር እንግዲህ የጓሮ በር ነው።

የዚያን ዘመን ልጅ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ኬን ሎች በ1969 ያወጣውን ‹‹ኬስ›› የተሰኘ ፊልም ይመልከት። ከባሪ ሃይንዝ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ የከሰል ማዕድን አካባቢ ስለሚኖር፣ በትምህርት ቤቱ ምንም ተስፋ ስላልተጣለበት አንድ ልጅ ይተርካል። ልጁ ጭልፊት ያለምዳል። አንድ ቀን መምህሩ ስለ ጭልፊቱ ለክፍሉ እንዲናገር ያደርገዋል፤ ያ አፉን የማይከፍት ልጅ ቃል በቃል፣ ደረጃ በደረጃ አለማመዱን ሲያስረዳ ሲስቁበት የነበሩት ልጆች ጸጥ ይላሉ። ቋንቋ የለውም የተባለው ልጅ ቋንቋ ነበረው፤ የጎደለው የሚናገርበት ጉዳይ ነበር። ስለ ‹‹ደካማ ተማሪ›› ከተጻፉ ብዙ ሪፖርቶች ይልቅ ይህች ትዕይንት ለመምህር ትጠቅማለች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከጓሮው በር ለመውጣት መንገድ ያሳዩት ስቱዋርት ሆልና ፓዲ ዋነል ናቸው። ሆል ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ የተማረ፣ በለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው፤ ዋነል ከ1957 ጀምሮ የብሪታንያ የፊልም ተቋም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። በ1964 በጋራ ያሳተሙት ‹‹ሕዝባዊ ኪነ ጥበባት›› የሊቪስን የቅርብ ንባብ ወርሶ መደምደሚያውን ገለበጠ። መጽሐፍን ከፍ፣ ፊልምን ዝቅ አድርጎ ማመዛዘን ዋጋ የለውም፤ መመዛዘን ያለበት ጥሩ ፊልም ከመጥፎ ፊልም፣ ጥሩ ዘፈን ከመጥፎ ዘፈን ጋር ነው ይላል። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን መምህሩ ከተማሪው ፊት እንደ ሐኪም መቆሙ ቀርቶ አብሮት እንደ ተመልካች እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ነበር። ‹‹ይህ ለምን ደስ አለህ?›› የሚለው ጥያቄ ከቁጣ ወጥቶ እውነተኛ ጥያቄ ሆነ።

የ1970ዎቹን ዓመታት በአጭሩ ልለፈው። ‹‹ስክሪን›› መጽሔት ከፈረንሳይ የመጣውን የምልክት ጥናትና የሥነ ልቡና ትንተና ይዞ ተነሣ፤ የላውራ መልቪ ስመ ጥር ጽሑፍ የወጣው በ1975 በዚሁ መጽሔት ላይ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥናት መሠረት ጣለ። ለመምህራን የተቋቋመ መጽሔት ግን መምህራን ሊያነቡት የማይችሉት ሆነ። ይህ ትችት በዘመኑም ተሰምቷል፤ የዩኒቨርሲቲ መጽሔት የምናዘጋጅ ሁሉ ልብ ብንለው አይከፋም። ዋነልና ባልደረቦቹም በ1971 በተቋሙ ስለ ትምህርት ሥራ በተነሣ አለመግባባት ሥራቸውን ለቀቁ።

የመጨረሻውን በር የከፈቱት አንድ ዕቃና አንድ ወረቀት ናቸው። ዕቃው የቪዲዮ ካሴት ነው፤ በ1980ዎቹ በየትምህርት ቤቱ ሲገባ ቁራጭ መከራየት፣ መስኮት መሸፈን ቀረ፤ መምህሩ ሥዕሉን ማቆምና መመለስ ቻለ። ወረቀቱ ፈተና ነው። የዌልስ የፈተና ቦርድ ፊልምን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚያበቃው ኤ-ሌቭል በሚባለው ደረጃ አቀረበው። ከ2017 ጀምሮ መሰጠት የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ተማሪው 11 ያህል ፊልሞችን እንዲያጠና ይጠይቃል፤ የቆየ የሆሊውድ፣ የዘመኑ የአሜሪካና የብሪታንያ፣ ከሌላው ዓለም የተመረጡ፣ ዘጋቢ፣ ድምፅ አልባና የሙከራ ፊልሞች አሉበት። ከጠቅላላው ውጤት 30 በመቶው ተማሪው ራሱ በሚሠራው አጭር ፊልም ወይም በሚጽፈው የፊልም ድርሰት ይያዛል። ፊልም ከጓሮ ወጥቶ በዋናው በር ገባ። ሆኖም ፈተናው ያልነካው ነገር የለም። ፈረንሳዊው አላን በርጋላ በ2002 ባወጣው መጽሐፍ ኪነ ጥበብ ለትምህርት ቤት እንግዳና አስቸጋሪ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል፤ ሥርዓቱ ሲያላምደው የማስደንገጥ ኃይሉን ያጣል ይላል። ስጋቱ እውነት ነው። ከፈተና ውጭ የቀረ ትምህርት በእኛ አገር ምን እንደሚደርስበት ለሚያውቅ ግን የበርጋላ ምክር የጠገበ ሰው ምክር ይመስላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ የለም ብሎ መከራከር የማይቻልበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ሕዝቡ ‹‹ፕላዝማ›› ይለዋል። ትምህርቶቹ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋሉ። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረውን ሥዕሉ ይናገራል። እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። አማርኛ በስርጭቱ ስላልነበረ በእኔ ክፍለ ጊዜ ቴሌቪዥኑ በብረት ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ጠፍቶ ይቆማል። ከእኔ በፊት የገባው የፊዚክስ መምህር ልጆቹ ለምን እንዳልገባቸው ሊያስረዳቸው ሲሞክር ስርጭቱ ጥሎት ሄዷል፤ እርሱ ተናዶ ይወጣል፣ እኔ ጠመኔዬን ይዤ እገባለሁ።

በታሪኩ መለኪያ ሲታይ ፕላዝማ የ1933ቱ የመጀመሪያው ልጅ፣ ማለትም መስኮቱ ነው። ያውም ሊቆም፣ ሊመለስ፣ ሊጠየቅ የማይችል መስኮት። ሥዕሉ የመጨረሻው ባለሥልጣን ሆነ፤ ‹‹ማን አበጀው? ለምን በዚህ ፍጥነት? ለምን በዚህ ቋንቋ?›› ብሎ የሚጠይቅ ክፍለ ጊዜ ግን አልነበረም። ያ ጥያቄ የቋንቋ መምህር ጥያቄ ነበር። በየቀኑ ለሰዓታት ሥዕል ፊት የሚቀመጥ አንድ ትውልድ ሥዕል ማንበብን ሳይማር አለፈ። ዛሬ በየኪሱ ስልክ ያለው ተማሪ የሚያየው ከዚያ ቢበዛ እንጂ አያንስም።

‹‹የሚጠና ፊልምስ አለን?›› ለሚለው፣ አለን። ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› በ1957 ዓ.ም. ለእይታ ከበቃ ወዲህ ያለውን ዘመን ሁሉ ሳንቆጥር፣ የኃይሌ ገሪማ ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› (1976) እና ‹‹ጤዛ›› (2008)፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ‹‹ድፍረት›› (2014)፣ የያሬድ ዘለቀ ‹‹ላምብ›› (2015) በዓለም መድረክ የታዩ የአማርኛ ፊልሞች ናቸው። ከእነዚህ ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› ለአማርኛ ክፍል የተሠራ ይመስለኛል። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ ተዋናይነት ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች የተሠራ፣ በአንድ ባለ ርስትና በጭሰኞቹ ላይ ያተኮረ ፊልም ነው። በውስጡ ከበበ የሚባል፣ አገሬው እንደ እብድ የሚያየው፣ እውነቱን ግን በአደባባይ የሚናገር ሰው አለ። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ያነበበ ተማሪ ይህን ሰው ሲያይ ጉዱ ካሣን ሳያስታውስ አይቀርም። ሁለቱም ‹‹አብደዋል›› በመባላቸው የመናገር ፈቃድ ያገኙ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሣን የሚሠሩት በንግግር ነው፤ ረጅም፣ የተቀነባበረ፣ በምሳሌ የታጀበ ንግግር። ኃይሌ ገሪማ ከበበን የሚሠራው በአካሉ፣ በድምፁ፣ ከሌሎች ሰዎች በሚያቆመው ርቀት ነው። የጉዱ ካሣ ሐሳብ በሰሚው አእምሮ ይቀራል፤ ከበበ ግን በመጨረሻ በባለ ርስቱ ላይ እጁን ያነሣል። በሁለቱ መካከል ያለው የ10 ዓመት ልዩነት የአገሪቱ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሁለት ኪነ ጥበባት ልዩነትም ነው። ይህን ለይቶ የሚጽፍ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልብ ወለዱንም የበለጠ አንብቦታል።

ንባብ ይደክማል የሚለውን ስጋት አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በራዲዮ በተረከው ጊዜ መጽሐፉ አንባቢ አላጣም፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን ፍለጋ የሄደው ድምፁን ሰምቶ ነው። ተውኔትንም ብናይ፣ በመድረክ ሊታይ የተጻፈውን ድርሰት እስከ ዛሬ በወረቀት ብቻ እያስነበብን ‹‹ተውኔት አስተማርን›› እንላለን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኒውሶም ወጥመድ ነው። ፊልም በትርፍ ሰዓት ክበብ፣ ወይም ‹‹ማንበብ ለሚያዳግታቸው›› ማካካሻ ሆኖ ከገባ የጓሮውን በር እንደገና መክፈታችን ነው። መግባት ያለበት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ከልብ ወለዱና ከተውኔቱ ጎን፣ ለሁሉም ተማሪ፣ ሚዛን ባለው ጥያቄም ተመዝኖ ነው። ብዙ መሣሪያም አይጠይቅም። አራት ደቂቃ የምትሆን ትዕይንት፣ መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ፣ ከዚያ ተከፍቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሥዕሉ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ እየተሰማ። ከዚያ አንድ ገጽ ድርሰት፤ በሥዕሉ ብቻ ያወቅኸው ምንድን ነው? ድምፁ ሲጨመር የተለወጠውስ? ይህን ከራሴ የዲግሪ ተማሪዎች ጋር ሞክሬ አይቻለሁ። ድርሰቱን ለማረም የፈጀብኝ ጊዜ ከሌላው ጊዜ ይረዝማል፤ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው የገለበጠው መልስ አላገኘሁበትም።